አንድ ፕሮግራም፣ ሦስት ቆጠራ፦ የኤክስፒ ዘመን የንብረት ፕሮግራም ወደ ዊንዶውስ 11 ሲዛወር

ኮምፒውተሩ አንድ፣ ፕሮግራሙም አንድ። የጠዋቷ ሠራተኛ በአካውንቷ ገብታ የአንድ ዕቃ ቀሪ ስትጠይቅ 31 ይላታል። የከሰዓቱ ባልደረባዋ በራሱ አካውንት ገብቶ ያንኑ ዕቃ ሲጠይቅ 36 ይለዋል። ፕሮግራሙን የጫነው ባለሙያ ከፍቶ ሲያየው 40 ነው። መደርደሪያው ላይ በእጅ ሲቆጠር ግን 27 ተገኘ።

ጥርጣሬው መጀመሪያ የዞረው ወደ ሰዎቹ ነበር። ሁለቱም ሠራተኞች ግን እያንዳንዷን ሽያጭ በትክክል መዝግበዋል። ሦስቱ ቁጥሮች የመጡት ከሦስት የተለያዩ ፋይሎች ነው፤ ፋይሎቹን ለያይቶ ያስቀመጠው ደግሞ የድሮ ፕሮግራሞች ሥራቸውን እንዳያቆሙ ተብሎ ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ የገባ የራሱ የዊንዶውስ ዘዴ ነው። ጉዳዩን በዝርዝር መጻፍ ያስፈለገው ለዚህ ነው፦ ፕሮግራሙ አልከፍት ቢል ኖሮ ችግሩ በመጀመሪያው ቀን ይታይ ነበር። ይኼኛው ግን በሰላም ከፈተ፣ መዘገበ፣ ደረሰኝም አተመ።

የፕሮግራሙ ተፈጥሮ

የመለዋወጫ ዕቃዎችን ገቢ፣ ወጪና ቀሪ የሚይዝ ፕሮግራም ነው። የተጻፈው ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጣው ቪዥዋል ቤዚክ 6 ሲሆን መረጃውን የሚያስቀምጠው ጄት 4.0 በሚባለው ሞተር በሚነበብ የአክሰስ 2000 ዳታቤዝ ውስጥ ነው። የፕሮግራሙ ፋይልና ዳታቤዙ ዊንዶውስ ፕሮግራሞችን በሚያስቀምጥበት ፕሮግራም ፋይልስ ውስጥ በአንድ ፎልደር ተቀምጠዋል፤ ፕሮግራሙም ዳታቤዙን የሚፈልገው እሱ ራሱ ካለበት ፎልደር ብቻ ነው። እንደ ፕሪንተር ምርጫ ያሉ ጥቃቅን ሴቲንጎችን ደግሞ ዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ ባለ አንድ የአይኤንአይ ፋይል (ሴቲንግ የሚያዝበት ተራ የጽሑፍ ፋይል) ይጽፋል።

በጊዜው ይህ ነውር አልነበረም። በድሮው ዊንዶውስ ኤክስፒ አብዛኛው ሰው የሚሠራው በአድሚኒስትሬተር አካውንት ስለነበር ፕሮግራሞች የትም ቢጽፉ የሚከለክላቸው አልነበረም። የኤክስፒ ድጋፍ እ.ኤ.አ. አፕሪል 8 ቀን 2014 ካበቃ በኋላም ፕሮግራሙ የነበረበት የኤክስፒ ማሽን ከኢንተርኔት ውጭ ሆኖ ማገልገሉን ቀጥሎ ነበር። ፕሮግራሙ ወደ አዲስ ኮምፒውተር እንዲዛወር ያስገደደው የዚያ ማሽን ሃርድ ዲስክ ማርጀቱ ነው።

አልጫንም ያለው መጫኛ

የመጀመሪያው እንቅፋት ሲዲው ላይ ያለው ማስጀመሪያ፣ ማለትም ፕሮግራሙን የሚጭነው ፋይል፣ ነበር። ዊንዶውስ 11 ይህ ፕሮግራም በዚህ ኮምፒውተር ላይ አይሠራም ብሎ መለሰው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ተስፋ ይቆርጣል፤ መቁረጥ ግን የለበትም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ የወጡ ብዙ ፕሮግራሞች ራሳቸው ባለ 32 ቢት ሆነው ማስጀመሪያቸው ብቻ ከዚያ የቀደመው ትውልድ፣ ባለ 16 ቢት፣ ነበር። ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ ባለ 16 ቢት ኮድ የሚያስኬደውን ክፍል አልያዘም፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ባለ 32 ቢት እትም የለውም። ዊንዶውስ ኢንስቶልሺልድ በሚባለው የመጫኛ መሥሪያ የተሠሩ አንዳንድ የታወቁ ማስጀመሪያዎችን ሲያገኝ በራሱ ባለ 32 ቢት ቅጂ ይተካቸዋል፤ ይኼኛው ከነዚያ አልነበረም። ኮምፓቲቢሊቲ ሞድም አልረዳም፤ ሊረዳም አይችልም። እሱ በዋናነት ለፕሮግራሙ ያለህበት ዊንዶውስ አሮጌ ነው ብሎ መንገርና አንዳንድ የድሮ ጠባዮችን መመለስ እንጂ የሌለ ክፍል መፍጠር አይችልም።

ስለዚህ ማስጀመሪያው ተትቶ ፎልደሩ እንዳለ ከአሮጌው ማሽን ተወሰደ። በኔትወርክ ለመቅዳት ቢሞከርም አዲሱ ኮምፒውተር የአሮጌውን የተጋራ ፎልደር አልከፍት አለ፤ ኤክስፒ የሚያውቀው ፋይል በኔትወርክ የሚያጋራውን የኤስኤምቢ ዘዴ የመጀመሪያ ስሪት ብቻ ነው፣ የአሁኑ ዊንዶውስ ደግሞ ያንን ስሪት ለደኅንነት ሲባል አጥፍቶ ይመጣል። ለአንድ ፎልደር ብሎ መልሶ ማብራት ተገቢ ስላልሆነ በፍላሽ ተቀዳ። የዚያ ቀን የፍላሹ ቅጂ አለመደምሰሱ በኋላ ትልቅ ውለታ ውሏል።

በአዲሱ ማሽን ላይ ፕሮግራሙ ሲነካ የስሕተት ቁጥር 339 አሳየ፦ አንድ የኦሲኤክስ ፋይል (ፕሮግራሙ የሚጠቀምበት ተጨማሪ መቆጣጠሪያ) ጠፍቷል ወይም አልተመዘገበም ማለት ነው። የቪዥዋል ቤዚክ 6 ዋናው ማስኬጃም ሆነ ጄት 4.0 ከዊንዶውስ 11 ጋር አብረው ይመጣሉ። የማይመጡት ተጨማሪዎቹ መቆጣጠሪያዎች ናቸው፦ ሠንጠረዥ የሚያሳየው ፍሌክስግሪድ፣ ፋይል መምረጫው ኮመን ዳያሎግ፣ ዛፍና ዝርዝር የሚያሳየው ኮመን ኮንትሮልስ። ሦስቱም ከአሮጌው ማሽን ሲስተም 32 ፎልደር ተወሰዱ። እነዚህን ፋይሎች ከማይታወቅ ድረ ገጽ ማውረድ ለቫይረስ በር መክፈት ስለሆነ፣ አሮጌው ማሽን በሕይወት እያለ መውሰድ ይሻላል።

እዚህ ላይ ስሞቹ ሰውን ያሳስታሉ። በባለ 64 ቢት ዊንዶውስ ሲስተም 32 የሚባለው ፎልደር ባለ 64 ቢት ፋይሎችን ይይዛል፤ ባለ 32 ቢቶቹ የሚቀመጡት ሲስዋው 64 በሚባለው ውስጥ ነው። ፎልደሩ በስሙ ብቻ ተመርጦ ፋይሎቹ መጀመሪያ ሲስተም 32 ውስጥ ገቡ፤ ስሕተቱም እንዳለ ቀጠለ፣ ምክንያቱም ባለ 32 ቢት ፕሮግራም ሲስተም 32ን ሲጠይቅ ዊንዶውስ ዝም ብሎ ወደ ሲስዋው 64 ይመራዋል። ከዚያ ወጥተው ወደ ትክክለኛው ፎልደር ተዛወሩ፤ ኮማንድ ፕሮምፕት በአድሚኒስትሬተር ፈቃድ ተከፍቶ፣ በሲስዋው 64 ውስጥ ባለው ሬግኤስቪአር 32 በሚባል መመዝገቢያ አንድ በአንድ ተመዘገቡ። ፕሮግራምን ከዳታቤዝ በሚያገናኘው በኦዲቢሲ በኩል የሚሠራ ፕሮግራም ያለው ሰውም ተመሳሳይ ወጥመድ ይጠብቀዋል፦ የኦዲቢሲ ማስተካከያው ሁለት ነው፣ የፋይል ስማቸውም አንድ ዓይነት ነው፤ ለድሮ ፕሮግራም የሚያስፈልገው ሲስዋው 64 ውስጥ ያለው ነው።

ፕሮግራሙ ከፈተ። ባለሙያው በራይት ክሊክ «ራን አዝ አድሚኒስትሬተር» ብሎ አስነስቶ አንድ የሙከራ ሽያጭ መዘገበ፣ ደረሰኝ አተመ፣ ሙከራውን ሰርዞ ርክክብ ተፈጸመ። ሠራተኞቹ ግን የተሰጣቸው ተራ የተጠቃሚ አካውንት ነው፤ ሙከራው የተደረገው እነሱ በፍጹም በማይከፍቱበት መንገድ ነበር።

ፋይሉ እንዴት ሦስት ሆነ

ተራ ተጠቃሚ ፕሮግራም ፋይልስ ውስጥ መጻፍ አይፈቀድለትም። ክልከላው በቀጥታ ቢተገበር በኤክስፒ ዘመን የተሠሩ እጅግ ብዙ ፕሮግራሞች ከቪስታ ጀምሮ ይቆሙ ነበር። ማይክሮሶፍት የመረጠው መላ ፕሮግራሙን ማታለል ነው። አንድ ፕሮግራም ባለ 32 ቢት ከሆነ፣ ምን ዓይነት ፈቃድ እንደሚፈልግ የሚገልጽ ማኒፌስት ከሌለው፣ ተጠቃሚውም በፋይሉ ላይ የመጻፍ ፈቃድ ከሌለው፣ ዊንዶውስ ስሕተት ከማሳየት ይልቅ የፋይሉን ቅጂ በተጠቃሚው የግል ፎልደር ውስጥ ይሠራለታል። ቦታው የተጠቃሚው ስም ባለበት ፎልደር፣ ከዚያ አፕዳታ፣ ከዚያ ሎካል፣ ከዚያ ቨርቹዋል ስቶር ነው። ከዚያ በኋላ ፕሮግራሙ ያንን ፋይል በጠየቀ ቁጥር መጀመሪያ የግሉ ቅጂ ይሰጠዋል፤ ዋናው የሚነበበው የግል ቅጂ ከሌለ ብቻ ነው። ፕሮግራሙ ፕሮግራም ፋይልስ ውስጥ እየጻፍኩ ነው ብሎ ያምናል።

ለአንድ ሰው ኮምፒውተር ዘዴው ብዙም አይጎዳም። ሁለት ሰው በሚፈራረቅበት ማሽን ላይ ግን የጋራ መዝገብ የግል መዝገብ ይሆናል። የጠዋቷ ሠራተኛ መጀመሪያ ስትከፍት ከዋናው ፋይል የራሷ ቅጂ ተሠራላት፤ የከሰዓቱም እንዲሁ። ሁለቱ ከአንድ ግንድ ተነሥተው በየፊናቸው ሄዱ። «ራን አዝ አድሚኒስትሬተር» ሲባል ደግሞ ማታለሉ አይሠራም፤ ስለዚህ ባለሙያው ሁልጊዜ የሚያየው ማንም ያልነካውን ዋናውን ፋይል ነበር፤ 40 የሚለው እሱ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደነግጠው ባክአፑ ነው። በየማታው ፕሮግራም ፋይልስ ውስጥ ያለውን ዳታቤዝ ወደ ውጫዊ ዲስክ የሚቀዳ ሥራ ተቀናብሮ ነበር፤ በየማታውም ያለ ስሕተት ይቀዳል። የሚቀዳው ግን ከዝውውሩ ቀን ጀምሮ ያልተለወጠ ፋይል ነው። የባክአፖቹን የመጨረሻ ለውጥ ቀን አንድ ጊዜ የተመለከተ ሰው ቢኖር ኖሮ ችግሩ በሁለተኛው ቀን ይገለጥ ነበር።

ምርመራው

ማረጋገጫው ደቂቃ አይፈጅም። ፕሮግራሙ በተራ አካውንት ተከፍቶ ሳለ ታስክ ማኔጀር ይከፈታል፤ ዲቴይልስ በሚለው ገጽ የዓምዶቹን ራስጌ ራይት ክሊክ አድርጎ «ዩኤሲ ቨርቹዋላይዜሽን» የሚለውን ዓምድ መጨመር ነው፤ የማታለያው ዘዴ መጠሪያ ይህ ነው። ከፕሮግራሙ ስም ትይዩ «ኢነብልድ» ካለ ማታለሉ እየሠራ ነው። እዚህም እንዲሁ አለ። ከዚያ በየተጠቃሚው ቨርቹዋል ስቶር ሲታይ የዳታቤዙ ሁለት ቅጂ ተገኘ፤ የሁለቱም የለውጥ ቀን ያው የዕለቱ ቀን ነው። አፕዳታ የተደበቀ ፎልደር ስለሆነ በፋይል ማሳያው ላይ የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ ማድረግ ያስፈልጋል። በዊንዶውስ 7 የፋይል ማሳያው ራሱ «ኮምፓቲቢሊቲ ፋይልስ» የሚል ቁልፍ ያወጣ ነበር፤ በኋላኞቹ መቅረቱ ጎድቷል።

ሁለቱን መልሶ አንድ ማድረግ

መጀመሪያ የተደረገው ሥራ ማቆም ነው። ፕሮግራሙ በሁለቱም አካውንት ተዘጋ፤ ሽያጭ ለጊዜው በወረቀት እንዲያዝ ተደረገ። ከዚያ አራት ፋይሎች በተለያየ ስም ወደ አንድ ፎልደር ተቀዱ፦ የጠዋቱ፣ የከሰዓቱ፣ ፕሮግራም ፋይልስ ውስጥ ያለው ዋናውና የዝውውሩ ቀን የፍላሽ ቅጂ። ዋናው ፋይልና የፍላሹ ቅጂ በቀሪ መጠን አንድ ሆነው ስለተገኙ መነሻው በእርግጠኝነት ታወቀ። ይህ ማመሳከር መዘለል የለበትም፤ ሁለቱ የግል ቅጂዎች ከተፈጠሩ በኋላ አንድ ሰው በአድሚኒስትሬተር ፈቃድ ሽያጭ መዝግቦ ቢሆን ኖሮ ዋናው ፋይል መነሻ መሆኑ ይቀርና ሦስተኛ ቅርንጫፍ ይሆን ነበር።

የቀሪው ስሌት ቀላል ነው። ቀሪ መጠን በዕቃዎች ሠንጠረዥ ውስጥ እንደ አንድ ቁጥር ስለተያዘ ከሁለቱ አንዱን መርጦ መውሰድ የሌላውን ሽያጭ መሰረዝ ይሆናል። ትክክለኛው የጠዋቱን ከከሰዓቱ ደምሮ መነሻውን መቀነስ ነው፦ 31 + 36 − 40 = 27። መደርደሪያው ላይ የተቆጠረውም ይኸው ነው። በአክሰስ ውስጥ ሦስቱ የዕቃ ሠንጠረዦች በሊንክ ተያይዘው በዕቃ ኮድ ተጣምረው በአንድ የማሻሻያ ኩዌሪ (ለዳታቤዙ የሚሰጥ ትእዛዝ) ተሠላ። መነሻው ላይ ያልነበሩ፣ ከዝውውሩ በኋላ የገቡ አዳዲስ ዕቃዎች ግን በዚህ ጥምረት አይያዙም፤ እነሱ ለብቻ ተለይተው ወጡ። ሁለቱም ሠራተኞች የመዘገቡት አንድ አዲስ ዕቃ ካለ መጠኑ ይደመራል፣ ስሙና ዋጋው ላይ ግን ሰው መወሰን አለበት። በሁለቱም ቅጂ ዋጋቸው የተቀየሩ ዕቃዎችም እንዲሁ፤ ዋጋ አይደመርም።

የደረሰኙ ጉዳይ ከዚህ ይከብዳል። የደረሰኝ ቁጥሩን የሚሰጠው በራሱ እየቆጠረ የሚሄደው የዳታቤዙ አውቶነምበር ነው። ዝውውሩ ሲደረግ የመጨረሻው ቁጥር 4812 ስለነበር ጠዋትም ከሰዓትም ከ4813 ጀምረው ቆጥረዋል። ሁለት የተለያዩ ደንበኞች አንድ ዓይነት ቁጥር ያለው ደረሰኝ ይዘዋል ማለት ነው። መፍትሔው የአንዱን ወገን ቁጥሮች መግፋት ሆነ። የጠዋቱ ቅጂ እንዳለ ተወሰደ፤ በከሰዓቱ ቅጂ ከ4812 በላይ ባሉት ላይ 1000 ተጨምሮ በማስገቢያ ኩዌሪ ወደ ጠዋቱ ገቡ። 4813 የነበረው 5813 ሆነ። ሁለቱም ወገኖች የቆረጡት ከ1000 በታች ደረሰኝ ስለሆነ ግጭት አይኖርም። በአክሰስ የማስገቢያ ኩዌሪ ለአውቶነምበር ዓምድ ቁጥር መስጠት ይቻላል።

እዚህ ላይ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። የደረሰኝ ራስጌና የደረሰኙ ዝርዝር መሥመሮች በሁለት ሠንጠረዥ ተይዘዋል፤ ዝርዝሩ ራስጌውን የሚያውቀው በቁጥሩ ነው። መጀመሪያ ራስጌዎቹ፣ ቀጥሎ ዝርዝሮቹ፣ በሁለቱም ላይ ያው 1000 ተጨምሮ መግባት አለበት። በአንዱ ላይ ብቻ ቢጨመር የከሰዓቱ ዕቃዎች በጠዋቱ ደንበኞች ደረሰኝ ሥር ይገባሉ። የዝርዝር መሥመሮቹ የራሳቸው መለያ ቁጥር ካላቸው እሱ ሳይነካ ተትቶ አክሰስ አዲስ እንዲሰጥ ማድረግ ይቻላል፣ ሌላ ሠንጠረዥ እስካልጠቀሰው ድረስ። ሁሉም በቅጂ ላይ ተሞክሮ የሁለቱ ወገን የደረሰኝ ብዛትና ጠቅላላ ድምር ከተዋሐደው ጋር ተነጻጸረ፤ ልክ ሆኖ ሲገኝ ዳታቤዙን በሚያጠብቀውና በሚጠግነው «ኮምፓክት ኤንድ ሪፔር» አልፎ ተዘጋ። የከሰዓቱ ሠራተኛ ለደንበኞች የሰጣቸው ደረሰኞች አሮጌ ቁጥራቸውን እንደያዙ ስለሆኑ የአሮጌና የአዲስ ቁጥር ማመሳከሪያ ታትሞ መዝገቡ ጋር ተቀመጠ።

በዚህ መሐል ሌላ ጉድ ወጣ። በከሰዓቱ ቅጂ አንዳንድ ሽያጮች ገና ባልደረሰ ወር የተደረጉ ይመስላሉ። የቀን አጻጻፍ ሴቲንግ በዊንዶውስ ለየአካውንቱ ለብቻው ነው፤ የጠዋቱ አካውንት ቀን አስቀድሞ ወር እንዲያስከትል ተስተካክሏል፣ የከሰዓቱ ግን ወር በሚያስቀድመው የአሜሪካ አጻጻፍ ቀርቷል። ስለዚህ 03/04 ብሎ የጻፈው የአራተኛው ወር ሦስተኛ ቀን፣ የሦስተኛው ወር አራተኛ ቀን ሆኖ ገባ። 25/04 ሲጻፍ ግን ሃያ አምስተኛ ወር ስለሌለ ቪዥዋል ቤዚክ በራሱ አገላብጦ በትክክል ይወስደዋል። በዚህ ምክንያት የተበላሹት ከወሩ 1 እስከ 12 ያሉት ቀኖች ብቻ ናቸው፤ ስሕተቱ አንዳንዴ ታይቶ አንዳንዴ የሚጠፋውም ለዚህ ነው። ደረሰኞች በቁጥር ቅደም ተከተል ስለሚቆረጡ በቁጥር ተደርድረው ቀናቸው ወደፊት የዘለለ ወይም ወደኋላ የተመለሰው ሁሉ ተለየ፣ ቀንና ወሩም ተገላብጦ ተስተካከለ። የሁለቱም አካውንት አጻጻፍ አንድ ዓይነት ተደረገ፤ በሪጅን ሴቲንግ አድሚኒስትሬቲቭ በሚለው ገጽ ወደፊት ለሚከፈቱ አካውንቶች እንዲገለበጥ የሚያዝ ምርጫ አለና እሱም ተመረጠ።

የፕሮግራሙ አዲስ ቤት

ለሁሉም ሠራተኛ የአድሚኒስትሬተር ፈቃድ መስጠት አንድ ሐሳብ ነበር፤ ተጣለ። በከፈቱ ቁጥር ማረጋገጫ ይጠይቃል፣ በኔትወርክ የተያያዙ ድራይቮች በዚያ ፈቃድ ለተከፈተ ፕሮግራም ብዙ ጊዜ አይታዩትም፣ ለአንድ ደረሰኝ ተብሎም የኮምፒውተሩን ሙሉ ቁልፍ ማስረከብ ይሆናል። ኤክስፒን በቨርቹዋል ማሽን ውስጥ መጫንም ይቻል ነበር፤ ለባለ 16 ቢት ፕሮግራም ትክክለኛው መንገድ እሱ ነው። ባለ 32 ቢት ሆኖ በዊንዶውስ 11 ላይ በደንብ ለሚሠራ ግን ሌላ የሚጠበቅ ሲስተም መጨመር ነው።

የተመረጠው ፎልደሩን ከፕሮግራም ፋይልስ ማውጣት ነው። በሲ ድራይቭ ሥር በቀጥታ አዲስ ፎልደር ሲፈጠር በአካውንት የገባ ተጠቃሚ ሁሉ በነባሪ የመጻፍና የመሰረዝ ፈቃድ ያገኛል። ፕሮግራሙ ዳታቤዙን ካለበት ፎልደር ስለሚፈልግ ሁለቱም አብረው ተዛወሩ፤ የአዲሱን ፎልደር ፈቃድ እንዲወስዱ ደግሞ ከት ሳይሆን ኮፒ ተደረጉ። የመሰረዝ ፈቃዱም የግድ ነው፦ ጄት ዳታቤዝ ሲከፈት ከጎኑ ኤልዲቢ የሚባል የቁልፍ ፋይል ይፈጥራል፣ የመጨረሻው ተጠቃሚ ሲዘጋም ያጠፋዋል።

ቀጥሎ ማታለሉ ራሱ ተዘጋ። ከፕሮግራሙ ፋይል ሙሉ ስም ላይ ነጥብ ማኒፌስት የሚል ቅጥያ የተጨመረበት፣ የፈቃድ ደረጃውን «አዝ ኢንቮከር» (በከፈተው ሰው ፈቃድ ይሥራ) የሚል ትንሽ የኤክስኤምኤል ፋይል ከጎኑ ተቀመጠ። ከዚህ በኋላ ፕሮግራሙ የማይፈቀድለት ቦታ ሊጽፍ ቢሞክር የግል ቅጂ አይሠራለትም፤ ይከለከላል። ማኒፌስቱ ፕሮግራሙ በአዲሱ ቦታ ለመጀመሪያ ጊዜ ከመነሣቱ በፊት ቢቀመጥ ይመረጣል። ቀድሞ ከተነሣ ዊንዶውስ ማኒፌስት የለውም ብሎ ሊያስታውስ ይችላል፤ ያኔ የፕሮግራሙን ፋይል የለውጥ ቀን ማደስ ያስፈልጋል።

ይህ እንደተደረገ የፕሪንተር ምርጫ አልቀመጥ አለ። ዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ ያለው የአይኤንአይ ፋይልም እስከዚያ በየአካውንቱ በግል ቅጂ ይሠራ ነበር፤ አሁን መጻፍ ሲከለከል ፕሮግራሙ መልሱን ስለማይመረምር ዝም ብሎ አለፈው። በዚያ አንድ ፋይል ላይ ብቻ ለተጠቃሚዎች የማሻሻል ፈቃድ ተሰጠና ተፈታ። ዊንዶውስ ነባሪ ፕሪንተሩን በራሱ እንዲቀይር የሚፈቅደው ሴቲንግም ተዘጋ፤ ክፍት ከሆነ መጨረሻ የታተመበትን ነባሪ ስለሚያደርግ ደረሰኝ ወደ ሌላ ፕሪንተር ይሄዳል። የፕሮግራሙ የእርዳታ ፋይል በድሮው ኤችኤልፒ ዓይነት ስለሆነ ዊንዶውስ 11 አይከፍተውም፤ ከአሮጌው ማሽን ላይ ታትሞ ወጣ።

በመጨረሻ ሁለቱ የቨርቹዋል ስቶር ቅጂዎች ስማቸው ተቀይሮ ከቦታቸው ተነሡ፣ የአሮጌው ፎልደር አቋራጮች ከሁለቱም ዴስክቶፕ ጠፉ፣ ባክአፑም ወደ አዲሱ ፎልደር ተመራ። ሙከራው በዚህ ጊዜ የተደረገው በሁለቱ ሠራተኞች አካውንት ነው፦ በጠዋቱ አንድ ዕቃ ተሸጠ፣ በከሰዓቱ ተከፍቶ ቀሪው 26 አለ፤ ሽያጩ ሲሰረዝ በሁለቱም 27 ሆነ። ታስክ ማኔጀር ላይ ዓምዱ «ዲሴብልድ» ይላል። በማግስቱ ጠዋት የባክአፑ ፋይል የለውጥ ቀን ሲታይ የትናንቱን ቀን ይዞ ተገኘ።